ማንም ያልመረጠው ሰርች ኢንጅን፦ የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጉዳይ

ዳራ

ጉዳዩ ያጋጠመው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው የቤቱንም ዓይነት ያውቀዋል። ዋናው ፖስታ ቤት ቅርብ ነው፣ በቸርችል ጎዳና የሚወጣና የሚወርደው ሰው አይቋረጥም። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የፓስፖርት ፎርም፣ ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽንና አንድ ስካነር አለ። ባለቤቷ ራሷ ካሸር ናት። ሁለት ጸሐፊዎች አሏት። አራተኛው ኮምፒውተር ደንበኛ ራሱ ቁጭ ብሎ እንዲጠቀምበት የተተወ ነው።

እኔ እዚያ አካባቢ የጥቂት ትንንሽ ቢሮዎችን ኮምፒውተር አያለሁ። ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ቫይረስ ሲገባ፣ ዊንዶውስ መጫን ሲያስፈልግ የምጠራው እኔ ነኝ።

ስለ ኮምፒውተሮቹ ሁለት ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሦስቱ ዊንዶውስ 10 እና ክሮም ያላቸው ናቸው። ሦስቱም ላይ ክሮም የገባው በአንድ የቤቱ ጂሜይል ነው፤ ደንበኛ «የት ልላክልሽ?» ሲል የሚሰጠው አድራሻ ማለት ነው። ሲንክ (የአንዱን ክሮም ቡክማርክና ሴቲንግ በአካውንቱ በኩል ለሌሎቹም የሚያዳርሰው) በርቷል። ማንም አስቦበት አላበራውም፣ ክሮም ሲጠይቅ «እሺ» ተብሎ ነው። አንደኛው ጸሐፊ ላይ ያለው ቡክማርክ ሌላኛዋ ጋ ይታያል፣ እና ይሄን ሁሉም ወደውታል።

ለደንበኛ የተተወው አራተኛው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 7። ክሮም ለዊንዶውስ 7 መሥራት ያቆመው በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር 109 ነበር። ስለዚህ እዚያ ላይ ለአሮጌ ማሽኖች ድጋፉ የቀጠለው ሌላ ብሮውዘር፣ ፋየርፎክስ 115፣ ተጭኗል። የትኛውም ጂሜይል አልገባበትም። ይሄ ልዩነት በኋላ ምርመራውን በጣም አቀለለው።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ጊዜው የ2017 ዓ.ም. የዲቪ ሰሞን ነበር። የዲቪ ምዝገባ እስከዚያ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ባለው ጊዜ ይካሄድ ነበር፣ ለእንዲህ ዓይነት ቤቶችም ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ገበያ ነበር። ሰልፉ እስከ ውጭ ይደርስ ነበር።

አንድ አባት የልጃቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። ጸሐፊዋ እንደ ሁልጊዜው አድራሻ መስመሩ ላይ ዲቪ ብላ ጻፈች፣ የመጀመሪያውን ውጤት ተጫነች፣ መሙላት ጀመረች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ ሁሉ ሞላች። መጨረሻ ላይ ገጹ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀ። በዶላር።

«ልጄ፣ በነጻ ነው አላልሽኝም?» አሉ ሰውየው።

«ነው እንጂ አባቴ። ምን እንደነካው እንጃ፤ እስቲ አንዴ ይታገሱኝ» አለች።

ባለቤቷ መጥታ አየችው። ገጹ ላይ ንስርም ባንዲራም አለ። ግን የአድራሻው መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ገጾች የሚጨርሱበት «ዶት ጎቭ» አልነበረም። የዲቪ ትክክለኛ ገጽ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ በዚያ ዓመት ለመመዝገብም ክፍያ አልነበረም። ሁሉም ትተውት ከመጀመሪያ በትክክለኛው ገጽ ሞሉት። የማረጋገጫ ቁጥር ወጣ፣ ታትሞ ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ ያዳናቸው ነገር አንድ ነው፦ ቤቱ ውስጥ ማንም የዶላር ካርድ አልነበረውም። የዶላር እጥረት አንድ ቀን እንኳን ጠቀመ። ካርድ ቢኖርና ቢከፈል ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ አይሆንም ነበር። ዲቪ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ከተመዘገበ ሁሉም ምዝገባው ይሰረዛል። ያ ገጽ ክፍያውን ተቀብሎ በልጅቷ ስም በትክክለኛው ገጽ ቢያስገባና ቤቱም ደግሞ ቢያስገባ፣ ልጅቷ ሳታውቀው ከውድድሩ ውጭ ትሆን ነበር።

ባለቤቷ ማታ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ጎግል ሐሰተኛ ነገር ማውጣት ጀመረ እንዴ?» አለችኝ።

እውነታው ሌላ ነበር

ጸሐፊዋ የተጫነችው የጎግል ውጤት አልነበረም። ይሄን ለማየት ቁጭ ብሎ አንድ ነገር መፈለግ በቂ ነበር። አድራሻ መስመሩ ላይ አንድ ቃል ጽፈህ ኢንተር ስትመታ፣ ለአፍታ አንድ የማይታወቅ አድራሻ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ያሁ ላይ ያርፋል። ከላይ ያሉት ውጤቶች በሙሉ ማስታወቂያ ናቸው። «ማስታወቂያ» የሚለው ጽሑፍ አለ፣ ግን በጣም ደቃቃ ነው።

ምልክቱ ከዲቪው ቀን በፊት ለሳምንታት ነበር። ፍለጋ ይንቀራፈፍ ነበር። በአማርኛ ሲፈለግ የማይረባ ነገር ይወጣ ነበር። ከታች በቀኝ በኩል ማሳወቂያዎች ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። ሁሉም ያሉት «ኔትወርኩ ነው»። አዲስ አበባ ውስጥ ለማንኛውም ችግር መጀመሪያ የሚከሰሰው ኔትወርክ ነው፣ አንዳንዴም በሐሰት።

እንዴት ገባ? ደንበኛ ሲቪውን በፒዲኤፍ አምጥቶ «ወርድ አድርጊልኝ» ብሏል። አንደኛዋ ጸሐፊ መቀየሪያ ስትፈልግ አንድ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አገኘች፣ ጨመረችው። ክሮም ኤክስቴንሽን ሲጨመር የሚጠይቀውን ፈቃድ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ አንዱ «የፍለጋ ሴቲንግህን ይቀይራል» የሚል ነበር። ከዚያም በኋላ ክሮም «ወደ ቀድሞው ልመልሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰልፍ ቆሞ ይሄን የሚያነብ የለም። እሷን አልፈርድባትም፤ ኤክስቴንሽኑም እውነት ለመናገር ፒዲኤፉን ይቀይር ነበር።

ሰው ለምን እንዲህ ይለፋል ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ዲፎልት ሰርች ኢንጅን፣ ማለትም ሌላ ካልመረጥክ ብሮውዘሩ ራሱ የሚፈልግበት፣ ብዙ ገንዘብ ያለበት ቦታ መሆኑ ነው። ጎግል አሜሪካ ውስጥ በሞኖፖል ሲከሰስ ፍርድ ቤት የቀረበው ማስረጃ፣ ኩባንያው የአይፎን ብሮውዘር ላይ ዲፎልት ለመሆን በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ ያሳያል። ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጎግል ሕግ ጥሷል ብለው የወሰኑትም ከእነዚህ ክፍያዎች ጋር በተያያዘ ነው። ትልልቆቹ በውል ይከፍላሉ። ትንንሾቹ ደግሞ በኤክስቴንሽን ይሰርቃሉ፦ ፍለጋህን በራሳቸው በኩል ያሳልፉና ከምትጫነው ማስታወቂያ ድርሻ ይወስዳሉ። ሥራቸው ውጤት ማሻሻል አይደለም፣ ማስታወቂያ ማስጫን ነው።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

እኔ ከመድረሴ በፊት ሁለት ሙከራ ተደርጓል።

አንደኛው የጸሐፊዋ ነው። ሴቲንግ ገብታ ዲፎልቱን ወደ ጎግል ልትመልስ ሞከረች። አልቻለችም። ክሮም «ይሄን ሴቲንግ የሚቆጣጠረው እገሌ የተባለው ኤክስቴንሽን ነው» የሚል ጽሑፍ ያሳያል፣ ምርጫውም ደብዝዞ ይቀመጣል። ጽሑፉ ጥፋተኛውን በስሙ እየጠራ ነበር። ግን ስሙ የፒዲኤፍ መቀየሪያው ስም ስለሆነ ከፍለጋ ጋር የሚገናኝ አልመሰላትም።

ሁለተኛው የጎረቤት ልጅ ነው፣ የሞባይል ጥገና ቤት ያለው። ክሮምን አንስቶ እንደገና ጫነው። ለጥቂት ደቂቃ ጸዳ። ከዚያ ጸሐፊዋ ቡክማርኳን ለማግኘት በቤቱ ጂሜይል ስትገባ ሁሉም ተመለሰ፤ ቡክማርኩም፣ ኤክስቴንሽኑም፣ ሰርች ኢንጅኑም። ልጁ ሙያ አንሶት አይደለም። ሴቲንጉ የሚኖረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። እዚህ ግን አንድ ቅጂ ጎግል አካውንቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ክሮም በተጫነ ቁጥር ከዚያ ይወርዳል።

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋየርፎክስ ግን ምንም አልሆነም። ከአራቱ ንጹሕ የነበረው በጣም የተናቀው ነው። ጂሜይሉ ያልገባበት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ የተሠራጨው በሲንክ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል

ሥራው የተሠራው ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ሦስቱም ላይ ሲንክን ማጥፋት ነበር። ከዚያ የጎግል አካውንቱ ውስጥ የክሮም ሲንክ መረጃ የሚታይበት ገጽ ላይ ገብቶ እዚያ የተቀመጠውን ቅጂ ማጥፋት። ይሄ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቡክማርክ አይነካም፤ የሚያጠፋው ጎግል ጋ ያለውን ነው። ለማንኛውም ቡክማርኩን አስቀድመን ፋይል አድርገን በፍላሽ አስቀመጥነው።

ከዚያ ኤክስቴንሽኑ ተነቀለ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ይሄ ብቻ በቂ ሆነ፣ ዲፎልቱም ራሱ ወደ ጎግል ተመለሰ።

ሦስተኛው እምቢ አለ። እዚያ ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን ነበር፣ የማንሻ ቁልፍ የሌለው። ሜኑው ግርጌ ላይ «ብሮውዘርህ በድርጅትህ የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ባለቤቷ ሳቀች። «ድርጅቱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ምንም አላስተዳደርኩም» አለች።

ይሄ ጽሑፍ ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፈው ነው። ክሮም ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ተብሎ የተሠራ ፖሊሲ የሚባል ነገር አለው። የባንክ ወይም የሚኒስቴር የአይቲ ክፍል የሠራተኛውን ብሮውዘር በዚህ ይቆጣጠራል። የሚጻፈው ዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ነው፣ ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ሴቲንግ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ማለት ነው። የአድሚን ፈቃድ ያገኘ ማንኛውም ፕሮግራም እዚያ መጻፍ ይችላል። እዚህ ቤት ፈቃዱን ያገኘው በፍላሽ የመጣ ክራክ ነው። አንድ የተከፈለበት መሆን የሚገባው ፕሮግራም በነጻ እንዲሠራ ሲጫን፣ «ይሄን ኤክስቴንሽን በግድ ጫን» የሚል አንድ መስመር ሬጅስትሪው ውስጥ ትቶ ሄዷል።

ማወቂያው ቀላል ነው። አድራሻ መስመሩ ላይ በእንግሊዝኛ ክሮም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዚያ ፖሊሲ ብሎ መጻፍ። የሚወጣው ገጽ ባዶ ከሆነ ደህና ነው። የግል ቤት ወይም ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሆኖ የሆነ ነገር ከተዘረዘረ ግን ማን እንደጻፈው መጠየቅ አለበት። መስመሩን ከሬጅስትሪ አጠፋነው፣ ክራኩን አነሳነው፣ ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ፈተሽነው። ኤክስቴንሽኑ ሳይነካ ራሱ ጠፋ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ እዚያ ጽሑፉ እውነት ነው፣ እንዳትነኩት።

በዚሁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ክሮም ሲከፈት አሁንም የማይታወቅ ገጽ ይመጣል። ዴስክቶፕ ላይ ያለው የክሮም አይከን ፕሮፐርቲው ሲታይ፣ ከፕሮግራሙ መንገድ ቀጥሎ ጫፉ ላይ አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎበታል። እሱን ማጥፋት በቂ ነበር። ይሄን ሴቲንግ ውስጥ ለዓመት ብትፈልገው አታገኘውም።

መጨረሻ ላይ ሦስቱንም በክሮም የራሱ ሪሴት አለፍናቸው። ሪሴት ዲፎልት ሰርች ኢንጅኑን፣ መነሻ ገጹንና አዲስ ታቡን ይመልሳል፣ ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ ኩኪዎችን ያጸዳል። ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስወርድ አይነካም። ድሮ ክሮም ውስጥ የነበረውን የማጽጃ መሣሪያ የሚፈልግ ካለ ግን አይድከም፤ ጎግል በ2023 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ አውጥቶታል። የማሳወቂያ ፈቃድ ያገኙ ገጾችንም በአንድ ጊዜ ከለከልን። ቀኙ ጥግ ጸጥ አለ።

ከፍለጋው የከፋው

ያ የፒዲኤፍ ኤክስቴንሽን ፍለጋ መቀየር ብቻ አልነበረም ፈቃዱ። «የምትጎበኛቸውን ገጾች ሁሉ ማንበብና መቀየር» የሚል ፈቃድም ነበረው። እዚህ ቤት የሚጎበኘው ገጽ ምንድን ነው? የሰው ፓስፖርት ቅጂ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት የሞላበት ጂሜይል ነው። ኤክስቴንሽኑ አንብቦ ወስዷል የሚል ማስረጃ አላገኘሁም። ፈቃዱ ግን ነበረው፣ ያ ይበቃል።

ፓስወርዱ ተቀየረ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በባለቤቷ ስልክ ላይ ተደረገ። ከአካውንቱ ጋር የተገናኙ የማይታወቁ አፖች ተለቀሙ። ባለቤቷን ማሳመን የከበደኝ አሮጌ ፋይሎችን ስለማጥፋት ነው። «ደንበኛ ተመልሶ ቢጠይቀኝስ?» አለች። ልክ ናት፣ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መታወቂያ ለዓመታት ሰብስቦ ማስቀመጥ የግል ምርጫ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ ሥራው አልቆ የተረከቡትን ለማጥፋት ተስማማች። በጥቂቱ ነው የሄደው፣ እስካሁንም አላለቀም።

ዝርዝሩን እንደገና መሥራት

እስከዚህ ያለው ጽዳት ነው። ጽዳት ብቻውን ጸሐፊዋን ከሐሰተኛ ገጽ አያድናትም፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ጎግልም ከላይ ማስታወቂያ ያሳያል። ችግሩ ሁልጊዜ ወደሚኬድበት ገጽ በፍለጋ መሄድ ነው። ወደ ሰፈርህ ለመሄድ በየቀኑ ደላላ እንደመጠየቅ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለየን። አድራሻቸው የማይለወጥ ገጾች፣ ማለትም ዲቪ፣ ፓስፖርት፣ ኢ-ቪዛ፣ በቡክማርክ መስመሩ ላይ በአማርኛ ስማቸው ተቀመጡ። ባለቤቷ አድራሻቸውን አንድ በአንድ ራሷ አረጋገጠች። ደንቡም ይሄ ሆነ፦ ለእነዚህ ማንም አይፈልግም፣ ቡክማርኩን ይጫናል።

ውስጣቸው ለሚፈለግባቸው ገጾች ደግሞ የክሮምን የሳይት ፍለጋ ተጠቀምን። ሴቲንግ ውስጥ ሰርች ኢንጅኖች የሚተዳደሩበት ቦታ ላይ አዲስ መጨመር ይቻላል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስም፣ አቋራጭ ቃል፣ አድራሻ። አድራሻው ላይ የፍለጋ ቃሉ በሚገባበት ቦታ የመቶኛ ምልክትና የእንግሊዝኛዋ ትንሿ «ኤስ» ይጻፋሉ። አድራሻውን የማግኛ ዘዴ አለ። ገጹ ላይ ገብተህ አንድ ነገር ትፈልጋለህ፣ የመጣውን አድራሻ ትቀዳለህ፣ የፈለግከውን ቃል አንስተህ በምልክቱ ትተካለህ። ስትሞክር ግን በአማርኛ ቃል አትፈልግ። ፊደላችን አድራሻ ውስጥ ሲቀዳ ወደ ረጅም የመቶኛና የቁጥር ሰንሰለት ይለወጣል፣ የቱን አንስተህ የቱን እንደምትተው ይጠፋሃል። 12345 ብሎ መፈለግ ይሻላል።

ሦስት አቋራጭ ሠራን። አንዱ ጎግል ትራንስሌት ነው፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሁለተኛው መጨረሻቸው «ጎቭ ዶት ኢቲ» በሆነ የኢትዮጵያ መንግሥት ገጾች ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ጎግል ነው። ጎግል ላይ ከቃሉ ጋር «ሳይት» የሚለውን ትእዛዝ በመጨመር ይሠራል። መመሪያ ወይም ፎርም ለሚፈልግ ደንበኛ ከዚህ የሚበልጥ ማጣሪያ አላገኘሁም። ሦስተኛው የቤቱ ጂሜይል ውስጥ የሚፈልግ ነው። «ፋይሌን ልኬላችሁ ነበር» ሲባል የሰውየውን ስም አድራሻ መስመሩ ላይ ጽፎ በቀጥታ ኢሜይሉ ላይ መድረስ። ጸሐፊዎቹ በእውነት የወደዱት ይሄን ነው። የሌሎቹን ሁለት ጥቅም የተቀበሉት በእሱ ምክንያት ይመስለኛል።

አቋራጮቹ ለምን መጀመሪያ ላይ አልሠሩም

አቋራጮቹን በመጀመሪያ የሰየምናቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፣ ለትራንስሌት «ቲ» እንደማለት። በማግስቱ ጸሐፊዎቹ ትተዋቸዋል። ምክንያቱ ኪቦርዱ ነው። እነሱ ቀኑን ሙሉ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲቀያይሩ ይውላሉ። አማርኛ ላይ እያለ «ቲ» ሲመታ የሚጻፈው «ት» ነው፣ ክሮም ደግሞ «ት» የሚባል አቋራጭ አያውቅም። ዝም ብሎ ይፈልገዋል።

ለእያንዳንዱ ሁለት አቋራጭ፣ አንድ በፊደላችን አንድ በላቲን፣ መሥራት ይቻል ነበር። አንደኛዋ ጸሐፊ የተሻለ ሐሳብ አመጣች። «ቁጥር ለምን አናደርገውም? ቁጥሩ አይቀየርም» አለች። 1 ትራንስሌት፣ 2 መንግሥት፣ 3 ኢሜይል። ሠራላቸው።

ግን ቁጥር ሌላ ጣጣ አመጣ። ክሮም አቋራጭ ተጽፎ ስፔስ ሲመታም ያስነሳዋል። ደንበኛ «2 መኝታ ቤት ኪራይ» ብሎ ሲጽፍ ፍለጋው ወደ መንግሥት ገጾች ይሄዳል። መፍትሔው እዚያው ሰርች ኢንጅኖቹ የሚተዳደሩበት ገጽ ላይ ነበር፦ አቋራጭ በስፔስና በታብ ይነሳ ወይስ በታብ ብቻ የሚል ምርጫ አለ። በታብ ብቻ አደረግነው። «ቁጥር፣ ታብ፣ ቃል» የሚል ወረቀት እያንዳንዱ ስክሪን ጥግ ላይ ተለጠፈ።

ዳክዳክጎ የተባለውን ሰርች ኢንጅንም ሞክረን ነበር። ባለቤቷ ፍለጋን እንደማይከታተል ሰምታ ዲፎልት እንዲሆን ፈለገች። ለእንግሊዝኛ ፍለጋ ተስማማቸው። ለአማርኛ ግን ውጤቱ ቀጠን ያለ ሆኖ አገኙት፣ ሥራቸው ደግሞ አብዛኛው አማርኛ ነው። ክሮሞቹ ላይ ጎግል ቀረ። ለደንበኛ የተተወው ፋየርፎክስ ላይ ዳክዳክጎ ዲፎልት ሆነ፤ ቀጣዩ ሰው ሲቀመጥ የቀደመው የፈለገው እንዳይታይም፣ ሲዘጋ ታሪኩን እንዲያጠፋ ተደረገ።

ክሮም ዝርዝሩ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋሉ ብሎ የሚያስቀምጣቸው ረጅም የሰርች ኢንጅን ስሞችም ነበሩ። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ልታጠፋ ጀምራ አስቆምኳት። እነዚያ ክሮም የጎበኘናቸውን ገጾች አይቶ ራሱ የመዘገባቸው ናቸው። ካላነቃሃቸው ምንም አያደርጉም። ጊዜ ይበላሉ እንጂ ጉዳት የላቸውም።

እንዳይመለስ

እዚህ ላይ ጠላት የተጠቀመበትን በር እኛም ተጠቀምንበት። ክሮም ላይ በፖሊሲ «ማንኛውም ኤክስቴንሽን አይጫን» ማለት ይቻላል፣ የተፈቀዱትን ብቻ በስም ለይቶ። ሦስቱም ላይ ይሄን ጻፍን። አሁን «በድርጅትህ የሚተዳደር» የሚለው ጽሑፍ እንደገና ብቅ ብሏል፣ ግን እውነት ነው። ሰርች ኢንጅኑን ራሱን በፖሊሲ መቆለፍ ግን አልቻልንም። ዊንዶውስ ላይ ያ ፖሊሲ የሚሠራው በድርጅት ዶሜይን ወይም በማዕከላዊ አስተዳደር ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ነው። ሆን ተብሎ ነው፤ ጠላፊዎች እንዳይጠቀሙበት።

ጸሐፊዎቹ የዕለት ሥራቸውን የአድሚን ፈቃድ በሌለው አካውንት እንዲሠሩም ተደረገ። የአድሚኑ ፓስወርድ ባለቤቷ ጋ ነው። መጀመሪያ አጉረመረሙ። ለፒዲኤፉ ሥራ ግን መልስ መስጠት ነበረብን፤ ዝም ብሎ «አትጫኚ» ማለት ሰልፍ ላለበት ሰው አይሠራም። ወርድ ራሱ ፒዲኤፍ ከፍቶ ወደ ሚታረም ጽሑፍ ይቀይራል። ይሄን አላወቁም ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንዳንዴ ፊደሉን ያበላሸዋል፣ ለእንግሊዝኛ ሲቪ ግን ደህና ነው።

ሌላ ቤት ላይ ቢያጋጥም

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ሱቆች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው አይቻለሁ፣ አንዱ ስታዲየም አካባቢ። ዝርዝሩ ይለያያል፣ የምጠይቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ሴቲንጉን ማን ነው እየጻፈው? ሴቲንጉን መመለስ ቀላል ነው። ጻፊው ካለ ግን ተመልሶ ይጽፈዋል። ኤክስቴንሽን ሊሆን ይችላል፣ ፖሊሲ ሊሆን ይችላል፣ የአይከኑ ጫፍ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጎግል አካውንቱ ውስጥ ያለ የሲንክ ቅጂ። ስታዲየሙ ሱቅ ላይ ኤክስቴንሽን ብቻ ነበር፣ በአጭሩ አለቀ።

ብሮውዘሩን አንስቶ መጫን ብዙዎች የሚመኩበት ነገር ነው። ከአራቱ ጻፊዎች ሲንክንም ፖሊሲንም አይነካም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ባይሞከር ጥሩ ነው፣ ጸድቷል የሚል የውሸት እርካታ ይሰጣል።

አንድ ንጹሕ ማሽን ለማነጻጸሪያ ማስቀመጥም ይረዳል። እዚህ ቤት በአጋጣሚ ነበር። አራቱም በአንድ አካውንት የገቡ ቢሆኑ ኖሮ፣ ነገሩ ከአካውንቱ ይሁን ከኢንተርኔት መስመሩ ለመለየት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድ ነበር።

ለብዙ ሰው የሚያገለግል ቤት ከሆነ ደግሞ የቤቱ ጂሜይልና የብሮውዘሩ ሲንክ ተለያይተው ቢቀመጡ ይሻላል። ጂሜይሉን በገጹ ከፍቶ መጠቀም ይቻላል፣ ክሮም ራሱ በእሱ እንዲገባ ሳይደረግ። ኢሜይል ሲከፈት ክሮም ራሱም በዚያው አካውንት እንዲገባ የሚፈቅድ ምርጫ ሴቲንጉ ውስጥ አለ። ሦስቱ ላይ አጥፍተነዋል፣ ቡክማርክ ሲለወጥ ባለቤቷ በፍላሽ ታዞራለች።

ያልተነካው የጸሐፊዎቹ ስልክ ነው። ሁለቱም የቤቱን ጂሜይል በስልካቸው ላይ አስገብተዋል፣ ደንበኛ ማታ ሲልክ እንዲያዩት። ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ስጋቱ ትንሽ ነው። ፓስፖርቶቹ ያሉበት ኢሜይል ግን በሁለት የግል ስልክ ላይ ክፍት ነው። ባለቤቷ ለሱቁ አንድ ስልክ ልግዛ እያለች ነው፣ እስካሁን አልገዛችም።